ተራራው ያቀለጠው ድንጋይ



የመምህራኑ የጥሪ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ቆመ። «ተማሪዎቻችን ግራናይት ከምድር ውስጥ እንደሚወጣ ያውቃሉ፤ ማን አቀለጠው፣ እንዴትስ ወጣ ብለው ሲጠይቁን ግን መልስ ያጥረናል» ይላል። ጥያቄው የልጆች ቢመስልም የሥነ ምድር ሊቃውንትን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያሟገተ ነው። ዛሬ የምናገረውም ይህንኑ ነው፤ ማን አቀለጠው? እንዴት ወጣ? ቦታስ ከየት አገኘ?

ባዶ እጄን አልመጣሁም። ይህ ድንጋይ ከውቅሮ ወደ አዲግራት ስትሄዱ ነጋሽ አካባቢ ከመንገዱ ዳር የተነሣ ነው። ከፊት ረድፍ ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ይለፍ። ስታዩት ሦስት ነገር ፈልጉ። እንደ ጠርሙስ ስባሪ ግራጫ ሆኖ የሚያበራው ኳርትዝ ነው። ነጣ ወይም ቀላ ብሎ ለጥ ያለ ገጽ ያለው ፌልድስፓር ነው። ጥቁር ሆኖ በጥፍር ሲነካ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚላቀቀው ማይካ ነው። አራተኛም ነገር አለ፤ እሱን አሁን አልነግራችሁም። ያገኘው ይያዝልኝ።

ፍሬዎቹ አንድ በአንድ በዓይን ይለያሉ። በየሰፈራችን ለመሠረትና ለአጥር የምንደረድረው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ እንዲህ አይደለም፤ ፍሬው ደቃቅ ነው። ባዛልት መሬት ላይ ፈስሶ ቶሎ የበረደ ነው። ግራናይት ግን ኪሎ ሜትሮች ጥልቀት ላይ ሆኖ፣ ከላዩ ያለው አለት እንደ ክዳን ይዞት፣ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ቀስ ብሎ ስለበረደ ፍሬዎቹ ለማደግ ጊዜ አግኝተዋል።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። በገበያው ላይ ተወልውሎ የሚያበራ ጠንካራ ድንጋይ ሁሉ «ግራናይት» ይባላል። የአክሱም ሐውልቶችንም ብዙዎቻችን ግራናይት እንላቸዋለን። ከአክሱም በስተ ምዕራብ ከጎቦ ዱራ የተፈለጡት እነዚያ ሐውልቶች ግን ኔፌሊን ሳያናይት ናቸው፤ ኳርትዝ የላቸውም፤ በዕድሜም ከነጋሹ ግራናይት እጅግ ያነሱ ናቸው። የነጋሹ ዘመድ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የግብፅ ፈርዖኖች ሐውልታቸውን የፈለጡበት የአስዋን ግራናይት ከ600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተወለደ፣ ከነጋሹ ጋር የአንድ ዘመን ልጅ ነው። ይህን የምለው ሐውልቶቻችንን ለማሳነስ አይደለም። 33 ሜትር ርዝመት ያለውን አንድ ወጥ ድንጋይ ጠርቦ ያወጣ ሕዝብ ከድንጋዩ ስም ክብር አይበደርም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንግባ። ማን አቀለጠው?

ብዙዎቻችን ከእግራችን በታች የእሳት ባሕር ያለ፣ ግራናይትም ከዚያ የተቀዳ ይመስለናል። እንዲህ አይደለም። ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ማንትል በጣም የጋለ ቢሆንም ጠጣር ነው። ማስረጃው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ በፈሳሽ ውስጥ ፈጽሞ የማያልፍ የመንቀጥቀጥ ሞገድ አለ፤ እሱ በማንትል ውስጥ ያለ ችግር ያልፋል። ስለዚህ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ቅልጥ አለት የለም። ሁልጊዜ አንድ ነገር መጥቶ ማቅለጥ አለበት። በተራራ ግንባታ ጊዜ የሚያቀልጠው ደግሞ፣ ዛሬ ደጋግሜ የምለው ነገር ይህ ነው፣ ተራራው ራሱ ነው።

እንዴት? ሁለት አህጉሮች ሲጋጩ ምን እንደሚሆን አስቡ። ምንጣፍ ወደ ግድግዳ ስትገፉት ይታጠፋል፤ እጥፉ በእጥፍ ላይ ይወጣል። የምድር ቅርፊትም እንዲሁ ነው። በተለመደው የአህጉር መሬት ቅርፊቱ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ውፍረት አለው። ሕንድ እስያን በገፋችበት በቲቤት ግን ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከላይ የምናየው ተራራ ትንሹ ነው፤ አብዛኛው ውፍረት እንደ ሥር ወደ ታች ገብቷል።

ታዲያ የወፈረ ቅርፊት ለምን ይግላል? በብርድ ሌሊት ጋቢ ላይ ጋቢ ስትደርቡ ምን ይሆናል? ጋቢው እሳት የለውም። የሚያሞቀው የእናንተው ገላ ነው፤ ጋቢው ሙቀቱ እንዳይወጣ ይይዘዋል። አለትም የራሱ ሙቀት አለው። በውስጡ ጥቂት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም አለ፤ እነዚህ እየፈረሱ ሙቀት ይሰጣሉ። በአንድ ጭብጥ ድንጋይ ውስጥ ሙቀቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። 70 ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው አለት ግን ከሥሩ ከማንትል የሚመጣውን ሙቀት ይዞ፣ የራሱን ጨምሮ፣ መውጫ አጥቶ ይግላል። እርጥብ ጭድ ከምራችሁ ከሰነበታችሁ በኋላ እጃችሁን ወደ መሐሉ ብትከቱ የሚሰማችሁን ታውቃላችሁ። ያ ነው።

ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ አለት ሙቀትን የሚያስተላልፈው እጅግ በዝግታ ነው። ሕንድና እስያ የተጋጩት ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን የሂማላያ ነጫጭ ግራናይቶች በብዛት የተወለዱት ግን ከ25 እስከ 15 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ሃያ አምስትና ከዚያም በላይ ሚሊዮን ዓመት እየጋለ ቆየ ማለት ነው። በኤቨረስት አናት ላይ ያለው አለት በጥንት ባሕር ወለል የተጋገረ የኖራ ድንጋይ ነው። ከእሱ ብዙም የማይርቀው 8,485 ሜትር ከፍታ ያለው ማካሉ ግን አናቱ ግራናይት ነው። የባሕሩ ወለል ወደ ሰማይ፣ የቅርፊቱ ሆድ ወደ ሰማይ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል። ተራራው ራሱ አቀለጠው ስል ማካሉን እያሰብኩ ነው።

አለት ባልተጠበቀ ረዳት ነው የሚቀልጠው፤ በውሃ። በቂ ውሃ ያገኘ የግራናይት ዓይነት አለት ወደ 650 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ መቅለጥ ይጀምራል፤ ውሃ ከሌለው ግን ብዙ መቶ ዲግሪ ይጨምራል። ውሃው እዚያ ጥልቀት ላይ ከየት መጣ? በጥፍራችሁ የላጣችሁት ማይካ ውስጥ ነው። በጠብታ መልክ ሳይሆን ከማዕድኑ አካል ጋር ተሳስሮ የተቀመጠ ነው። ነጩ ማይካ ከ700 ዲግሪ በላይ፣ ጥቁሩ ደግሞ 800 ገደማ ሲደርስ ይፈርስና ውሃውን ይለቃል፤ ያ ውሃ በዙሪያው ያለውን ኳርትዝና ፌልድስፓር ያቀልጣል።

ሁሉም አይቀልጥም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ቅቤ ያነጠራችሁ እናቶች ከእኔ የተሻለ ትረዱታላችሁ። ለጋ ቅቤ ሲነጠር ጥሩው ከላይ ይጠራል፣ የማይቀልጠው ከሥር ይቀራል። አንድ ቅቤ ነበር፤ እሳቱ ለሁለት ለየው። የቅርፊቱ ሥር ሲግልም ኳርትዝና ፌልድስፓር የበዛበት ቀላሉ ክፍል ይቀልጣል፤ ከባዱና ጥቁሩ ክፍል ከታች ይቀራል። ግራናይት የቅርፊታችን ንጥር ነው።

ተራራው ሁልጊዜ ብቻውን ይበቃል ማለቴ ግን አይደለም። ድንጋዩ የት ደረሰ? አራተኛውን ነገር ያገኘ አለ? አዎ፣ አንቺ ልጅ፤ ጥቁሩ ቁራጭ። በነጣ ያለው አካል ውስጥ እንደ እንቁላል ድብልብል ብሎ የተቀመጠ ጥቁር፣ ደቃቅ ፍሬ ያለው ቁራጭ ነው። ያ ከማንትል የመጣ ሌላ ቅልጥ አለት ነው፤ ጋለ ብሎ መጣ፣ ቀዝቀዝ ካለው ግራናይት ውስጥ ገባ፣ እዚያው ረጋ። የነጋሹን አለት ያጠኑ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሁለቱ ቅልጦች እንዴት እንደተቀላቀሉ በዝርዝር አሳይተዋል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ተራራው ጋቢውን ይደርባል፣ ማንትሉ ደግሞ ፍሙን ይጨምራል። እኔ ይህች ጥቁር ቁራጭ ከማንኛውም የመጽሐፍ ሥዕል የበለጠ ታስተምራለች ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም ነው ድንጋዩን ይዤ የመጣሁት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እናልፋለን። እንዴት ወጣ?

ቅልጡ ሲጀምር በአንድ ቦታ የተጠራቀመ አይደለም። በፍሬዎቹ መሐል እንደ ላብ ተበትኖ ነው ያለው። ከመቶው ሰባት እጅ ገደማ ሲሆን ጠብታዎቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ። ከዚያ የሚሰበስባቸው ማን ነው? አሁንም ተራራው። አይብ በጨርቅ ቋጥራችሁ ስትጨምቁት አጓቱ ይወርዳል። አህጉሮቹ መግፋታቸውን ስላላቆሙ አለቱ እየተጨመቀ ነው፤ ቅልጡም ግፊቱ ወደሚቀንስበት ወደ ስንጥቁና ወደ እጥፉ መሐል ይሸሻል። ያው ግጭት ያቀልጣል፣ ያው ግጭት ይጨምቃል።

ከዚያ በኋላ ወደ ላይ የሚያስኬደው ቅለቱ ነው። አንድ ሊትር የግራናይት ቅልጥ 2.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በዙሪያው ያለው አለት ግን ከ2.7 ኪሎ በላይ ነው። ዘይት ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ሁሉ ቅልጡም ወደ ላይ ይገፋል። እዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ክርክሩ መንገዱ ላይ ነው።

የቀደመው ሐሳብ እንዲህ ነበር፤ ቅልጡ እንደ ትልቅ አረፋ ሆኖ፣ ስፋቱ ብዙ ኪሎ ሜትር፣ በላዩ ያለውን አለት እያለሰለሰ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሥዕሉ ውብ ነው፤ ብዙ መማሪያ መጽሐፍ ላይም አለ። ችግሩ መዝገሙ ነው። ከላይ ያለው ቅርፊት ቀዝቃዛና ግትር ስለሆነ አረፋው ሩቅ ሳይሄድ በርዶ ይቆማል። ሁለተኛው ሐሳብ ቅልጡ በጠባብ ስንጥቅ ይወጣል የሚል ነው። መጀመሪያ ስትሰሙት የማይመስል ነው፤ ምክንያቱም የግራናይት ቅልጥ ወፍራም ነው። የኤርታ አሌ ባዛልት እንደ ሹሮ ቢፈስ ግራናይት እንደ ገንፎ ነው። ገንፎ በስንጥቅ ውስጥ ያልፋል? ሒሳቡ ሲሠራ ግን ውሃ የያዘ ቅልጥ ጥቂት ሜትሮች ስፋት ባለው ስንጥቅ ውስጥ ብዙ ኪሎ ሜትሮችን በወራት ሊወጣ እንደሚችል ታየ። በሚሊዮን ዓመት የተጠራቀመው በወራት ይወጣል! እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ በጥልቁ፣ አለቱ በሚለሰልስበት ግን አረፋውም ድርሻ እንዳለው ብዙ ማስረጃ አለ።

ስንጥቅ በፍጥነት እንደሚከፈት እኛ ኢትዮጵያውያን የዓይን ምስክሮች ነን። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አጠገብ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ላይ ተሰነጠቀ፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ፤ ስንጥቁን ከሥር የሞላው ቅልጥ አለት ነው፤ የወሰደውም ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ላይ የነበራችሁ ተሰምቷችኋል፤ ያም ከመሬት በታች በስንጥቅ ከገባ ቅልጥ ጋር የተያያዘ ነበር። ልዩነቱን አልደብቅም። አፋርና አዋሽ መሬት የሚሰነጠቅባቸው እንጂ አህጉር የሚጋጭባቸው አይደሉም። ግን ቅልጥ አለት በቀጭን መንገድ በፍጥነት መሄድ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ታዲያ ለምን መሬት ላይ አይፈስም? እዚህ ላይ ያው ውሃ ይመለሳል። ቅልጡ ወደ ላይ ሲወጣ ከላዩ ያለው ክብደት ይቀንሳል፤ ክብደቱ ሲቀንስ በውስጡ የሟሟው ውሃ እንደ ለስላሳ መጠጥ ጋዝ ይለየዋል። ውሃው ሲለየው የመቅለጫው ሙቀት ይጨምራልና ሳይበርድ ይረጋል። ያቀለጠው ውሃ፣ ሲሄድ አረጋው። ለዚህ ነው ብዙ ግራናይት ከ5 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ የሚቆመው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ቦታ ከየት አገኘ የሚለው፣ አጭር ነው። በተሞላ ሳጥን ውስጥ ሌላ ነገር አይገባም፤ ገባ ካላችሁ አንድ ነገር ተገፍቷል። ጣሪያው ከፍ ይላል፣ ወለሉ ይሰምጣል፣ በተራራ ግንባታው የሚላወሱት ስንጥቆች ሲጣመሙ ክፍተት ይሰጣሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን ቅልጡ በአንድ ጊዜ አይመጣም። በካሊፎርኒያ ዮሰማይት የሚገኘው ሃፍ ዶም የሚባለው ታዋቂ ገደል የአንድ ትልቅ የግራናይት ቤተሰብ አካል ነው። ተመራማሪዎች በዚህ ቤተሰብ አለቶች ውስጥ ያሉትን ዚርኮን የሚባሉ ጥቃቅን ማዕድናት ዕድሜ ሲለኩ ከ95 እስከ 85 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኘ። አንድ ትልቅ የቅልጥ ሐይቅ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ በበረደ ነበር። አሥር ሚሊዮን ዓመት የፈጀው እንደ እንጀራ በእንጀራ ላይ ሲደረደር ስለነበር ነው።

ይህን ሁሉ ለማወቅ መጀመሪያ ግራናይት ቅልጥ እንደነበር ማረጋገጥ ያስፈልግ ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በጀርመኑ ቨርነር የሚመሩት ሊቃውንት ግራናይት ከጥንት ውቅያኖስ የዘቀጠ ነው ይሉ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ኸተን እ.ኤ.አ. በ1785 ግሌን ቲልት ወደሚባል ሸለቆ ሄደ። ወንዙ ዳር ቀይ ግራናይት ጥቁሩን አለት እንደ ደም ሥር ሰንጥቆ ገብቶ አየ። ዝቃጭ ቢሆን ከሥሩ ያለውን አለት ሰንጥቆ አይገባም፤ የሚገባው ፈሳሽ ነው፤ የተሰነጠቀውም ከእሱ በፊት የነበረ ነው። ደስታው ወሰን ስላጣ መንገድ መሪዎቹ ወርቅ ወይም ብር ያገኘ መስሏቸው እንደነበር ወዳጁ ጽፏል። ነጋሽ ብትሄዱም የግራናይቱን ዳር ፈልጉ፤ ከጥንቱ አለት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከመሐሉ ይልቅ ብዙ ይናገራል።

አሁን አንድ ቅሬታ ያላችሁ ይመስለኛል። ነጋሽ ላይ የቆመ ሰው ሂማላያ የሚያህል ነገር አያይም። ያ ሁሉ ግራናይት ያቀለጠ ተራራ የት ሄደ?

የሰሜን ተራሮችን ልትጠሩልኝ ትችላላችሁ። እነሱ አይደሉም። የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የገሞራ ክምር ናቸው፤ ከነጋሹ ግራናይት ጋር ሲተያዩ የትናንት ናቸው። ግራናይቱን ያቀለጠው ተራራ ሌላ ነው፤ ዛሬ የለም። ሞዛምቢክ ውቅያኖስ ብለን የምንጠራው ጥንታዊ ባሕር ሲዘጋ፣ ጎንድዋና የሚባለው ጥንታዊ ታላቅ አህጉር ምሥራቃዊና ምዕራባዊ ክፍሎች ሲጋጩ፣ ከዓረቢያና ከግብፅ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያና በኬንያ በኩል እስከ ሞዛምቢክ የተዘረጋ የተራራ ሰንሰለት ቆመ። የወለጋ ግራናይቶች፣ የቦረናና የጉጂ ግራናይቶች የዚያ ግንባታ ዘር ናቸው። ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ ያለው ታንታለም እንኳ የሚገኘው የግራናይት ቅልጥ ሊጠናቀቅ ሲል የቀረው የመጨረሻ ጭማቂ በረጋበት አለት ውስጥ ነው፤ በስልኮች ውስጥ ላሉ ጥቃቅን ክፍሎች የሚያገለግል ብረት ነው።

ተራራው የጠፋው በዝናብ፣ በወንዝና በበረዶ ነው። ጣና ላይ ጭነት የያዘች የደንገል ታንኳ አይታችኋል? ጭነቷ ሲራገፍ ከፍ ትላለች። ተራራም አናቱ ሲሸረሸር ሥሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሲነሣ እንደገና ይሸረሸራል፤ እንደገናም ይነሣል። በዚህ ሁኔታ ከአሥር ኪሎ ሜትር በታች የነበረው ግራናይት ገሀድ ይወጣል። ስለዚህ «ግራናይት ወጣ» ስንል ሁለት ጉዞ አለ። የመጀመሪያውን ቅልጥ ሆኖ ሄደ፤ ሁለተኛውን ግን ጠጣር ሆኖ፣ ተራራው ከላዩ እየተገፈፈለት ነው የመጣው።

ምን ያህል ጊዜ ፈጀ? በትግራይ ከ440 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተጋገረው የእንጢጮ አሸዋ ድንጋይ በቀጥታ በእነዚህ ጥንታዊ አለቶች ላይ ተኝቷል። ሲተኛ ከሥሩ ያለው መሬት ሜዳ ነበር። ከ600 ሚሊዮን እስከ 440 ሚሊዮን ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ሙሉ የተራራ ሰንሰለት ተበልቶ አለቀ ማለት ነው። ፌልድስፓሩ በአየርና በውሃ ፈርሶ ሸክላ ሆነ፤ ኳርትዙ አልፈርስ ብሎ አሸዋ ሆነ፤ አሸዋው ወርዶ እንደገና ድንጋይ ሆነ።

ድንጋዩ ወደ እኔ ተመልሷል። ቅድም ስሰጣችሁ ቀዝቃዛ ነበር፤ በመቶ እጅ አልፎ ሞቋል። ጥቁሯን ቁራጭ ያላያችሁ ካላችሁ ከመድረኩ ላይ አስቀምጬላችኋለሁ፤ አጉሊ መነጽርም አጠገቡ አለ። አሁን ጥያቄያችሁን እሰማለሁ፤ ከኋላ ቅድም ጀምሮ እጁን ካነሣው ተማሪ እንጀምር።